በችርቻሮ የሚከፈል ወጪ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሒሳብ ከሾላ እስከ እንጦጦ

በየካ ሾላ ገበያ የጉሊት ንግድ ሕጉ አንድ ነው፤ ማለዳ የደረሰ መርጦ ይገዛል፣ ረፋድ ላይ የደረሰ የተረፈውን ያነሳል። ቲማቲሙ ያው ቲማቲም፣ ሽንኩርቱም ያው ሽንኩርት ቢሆንም በሁለቱ ገዢዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕለቱን ትርፍ ይወስነዋል። ይህን ሕግ ጠንቅቀው ከሚያውቁት አንዷ ከፈረንሣይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ካለ መንደር እየወረዱ የሚነግዱ እናት ናቸው። እሳቸው ግን ላለፉት ሦስት ዓመታት፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወቅት ማለዳ ገበያ ደርሰው አያውቁም።

ምክንያቱ የ10 ዓመት ልጃቸው ነው። ልጁ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለበት። ልዩ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚገኘው ከመንደራቸው ርቆ ታች ሲሆን ልጁ ብቻውን ታክሲ መሳፈር አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ራሳቸው ይዘውት ይወርዳሉ። መፀዳጃ ቤት የሚያደርሰው ረዳት ስለሌለ እስከ ዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ሾላ ይሮጣሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ዕቃቸውን ለጎረቤት ባለጉሊት አደራ ሰጥተው ልጁን ሊወስዱ ይመለሳሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ከገበያ የሚቀር ነጋዴ ምን ያተርፋል ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

ጥያቄው ለዚህ ገጽ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችንም ጥያቄውን በብርና በሳንቲም ለመመለስ ይሞክራል። በመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምን ያህል ያስወጣል? ወጪውንስ ማን እየከፈለው ነው?

የ«ነፃ» ትምህርት ዋጋ

እንደሚታወቀው የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ አይጠይቅም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ፣ የደንብ ልብስና የደብተር አቅርቦት ሲያደርግ ቆይቷል። ይህ በብዙ ድሃ ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ለውጥ ያመጣ ሥራ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል።

ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስናቸው እናት ከኪሳቸው የሚያወጡት ለደብተርና ለልብስ ሳይሆን ለመንገድና ለጥበቃ ነው። እሳቸው ቁጥሩን ለመናገር ስላመነቱ እኛው ለስሌት ያህል እንገምት። በማለዳው ገበያ ባለመገኘታቸው በቀን 150 ብር ትርፍ ቀረባቸው እንበል። የባጃጅና የታክሲ ምልልስ በቀን 100 ብር ወሰደ እንበል። ድምሩ 250 ብር ነው። የትምህርት ዓመቱን በ200 ቀናት ብናሰላው 50,000 ብር ይመጣል። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ቢሆን ደረሰኝ ይቆረጥበት ነበር። ይህ ገንዘብ ግን በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ የለም። አለመመዝገቡ ደግሞ አልተከፈለም ማለት አይደለም።

በክፍሉ ውስጥ 10 ልጆች አሉ እንበል። አሥሩም ቤተሰቦች ተመሳሳይ ወጪ ካለባቸው በዓመት 500,000 ብር ከአንድ ክፍል ወላጆች ኪስ ይወጣል ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንገልብጠው። ለዚያ ክፍል አንድ ረዳት ቢቀጠር፣ ደመወዙም ለስሌት ያህል በወር 5,000 ብር ቢሆን፣ በ10 ወር 50,000 ብር ነው። አሥሩን ልጆች ከየሰፈራቸው ሰብስቦ የሚያመላልስ አንድ ሚኒባስ በቀን 1,000 ብር ኮንትራት ቢያዝ፣ በ200 ቀን 200,000 ብር ይሆናል። ረዳቱ አብሮ ይሳፈራል። ጠቅላላ ወጪው 250,000 ብር፣ ማለትም ዛሬ ወላጆች ተበታትነው ከሚከፍሉት ግማሹ ነው።

አንባቢ የራሱን ቁጥር ቢያስገባ ውጤቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ነጋዴ ይህን በአንድ ቃል ይገልጸዋል፤ እናቶቹ በችርቻሮ እየገዙ ነው። በጅምላ ሊገዛ የሚችል አገልግሎት እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በውድ ዋጋ ይሸምቱታል። በጅምላ ሊገዛላቸው የሚገባው አካል ማን እንደሆነ ለማወቅ ሕጉን መመልከት ያስፈልጋል።

ሰነድ አልጠፋም

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ዓላማ አድርጎ ነበር። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን ሳላማንካ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ በሩን እንዲከፍት የሚጠይቀውን መግለጫ አውጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ወጣ። በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸደቀ። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 የሚደርስ የአሥር ዓመት ዕቅድ ተዘጋጀ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተተካ። ከሰነዶቹ ጋር አብሮ ያልመጣው፣ አንድ ልጅ ይህን ያህል ያስወጣል፣ ገንዘቡም ከዚህ ሣጥን ይወጣል የሚል፣ ወላጅም ርዕሰ መምህርም በቃሉ ሊይዘው የሚችል ግልጽ ቁጥር ነው።

ስንት ልጆች ናቸው የሚለው ራሱ ሒሳቡን ያምታታል። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከጠቅላላው ሕዝብ 2 በመቶ እንኳ አላደረሰውም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ 17.6 በመቶ የሚል አኃዝ ሰፍሯል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የአጠያየቅ ልዩነት ያመጣው ነው። «አካል ጉዳተኛ ቤት ውስጥ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ወላጅ የለም ይላል። «ለመስማት፣ ለማየት፣ ለመራመድ የሚቸገር አለ?» ሲባል ግን መልሱ ይለወጣል። በጀት በመጀመሪያው ቁጥር ከተያዘ ተማሪው በሁለተኛው ቁጥር ይመጣል።

አንድ ራስ፣ አንድ ሒሳብ

የመንግሥት በጀት የሚጻፈው በወጪ ዓይነት ነው። በ6100 መደብ የሰው ኃይል፣ በ6200 ዕቃና አገልግሎት፣ በ6300 ቋሚ ንብረትና ግንባታ ይመዘገባል። ይህ አሠራር ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ያሳያል፤ ለየትኛው ተማሪ እንደዋለ ግን አያሳይም። የልዩ ክፍል መምህር ደመወዝ ከሌላው ደመወዝ ጋር፣ የብሬይል ወረቀትም ከጠመኔ ጋር አብሮ ይደመራል። አልፎ አልፎ ለብቻው ካልተለየ በስተቀር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስንት እንደወሰደ ከሒሳብ መዝገቡ ላይ ማንበብ አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳይ በተማሪ ብዛት የሚሰላው ድጎማ፣ በተለምዶ «ስኩል ግራንት» የሚባለው ነው። ይህ አሠራር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከጠቅላላ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር በመላ አገሪቱ ተስፋፍቷል። መነሻው ቀላልና ፍትሐዊ ይመስላል፤ አንድ ተማሪ አንድ ድርሻ። በፕሮግራሙ የኋለኞቹ ምዕራፎች ለልዩ ፍላጎት የሚውል ተጨማሪ ድጋፍና በተመረጡ ትምህርት ቤቶች የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ታክለውበታል። ነገር ግን መሠረቱ ያው የራስ ቆጠራ ነው።

የራስ ቆጠራ ችግር የሚታየው ወጪው ሲመረመር ነው። በአንደኛ ደረጃ የሚሠራበት መለኪያ አንድ መምህር ለ50 ተማሪ ነው። የመምህሩን የወር ደመወዝ ለስሌት ያህል 10,000 ብር ብንል አንድ ተማሪ በወር 200 ብር ይደርስበታል። 10 ልጆች ባሉበት ልዩ ክፍል ግን ያው ደመወዝ በልጅ 1,000 ብር ይሆናል። አንድም ዕቃ ሳይገዛ ወጪው አምስት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ትልቁ ወጪ ብዙ ጊዜ በፎቶግራፍ የምናየው ተሽከርካሪ ወንበር ሳይሆን የሰው ጊዜ ነው።

አሁን በርዕሰ መምህሩ ቦታ እንቀመጥ። አምስት እጥፍ የሚያስወጣ ልጅ ይዞላቸው የሚመጣው ድርሻ እንደ ማንኛውም ተማሪ አንድ ከሆነ፣ ልጁን በተቀበሉ ቁጥር ከሌላው ተማሪ ድርሻ ይቀነሳል። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ለወላጅ «እኛ ጋ ባለሙያ የለም፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ብትሞክሩ ይሻላል» ማለት ብቻ ይበቃዋል። በየካ ያነጋገርኳቸው አንድ የትምህርት ባለሙያ ይህ እንደሚደርስ አልደበቁም። አንድ ትምህርት ቤት በልዩ ክፍሉ መልካም ስም ባወጣ መጠን ብዙ ወላጅ ወደ እሱ ይመጣል፤ በጀቱም ይበልጥ ይጠብበታል። በገበያ ቋንቋ ጥሩ የሠራ የሚከስርበት ሥርዓት ነው።

ዕቃውና ምንዛሪው

የሰው ጊዜ ትልቁ ወጪ ነው ስንል ዕቃ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። የዕቃው ችግር አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በአሜሪካ የሚመረተውን ፐርኪንስ የተባለ የብሬይል መጻፊያ ማሽን እንውሰድ። በአገሩ የችርቻሮ ዋጋው ከ700 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 700 ዶላር ወደ 40,000 ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዶላር ከ120 ብር በላይ ሲሆን ያው ማሽን ማጓጓዣና ሌላ ወጪ ሳይታከልበት ከ84,000 ብር አለፈ። የመስሚያ መርጃ መሣሪያና ባትሪውም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። በጀቱ በብር ተይዞ ዕቃው በዶላር ሲገዛ በየዓመቱ የሚገዛው ዕቃ ያንሳል።

እስከ ዛሬ ይህን ክፍተት በብዛት የሸፈነው ዕርዳታ ነው። ፊንላንድ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘርፍ በመምህራን ሥልጠናና በድጋፍ መስጫ ማዕከላት የቆየች አጋር ናት። የሃይማኖት ተቋማትም ለዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት በመክፈት መንግሥትን የቀደሙበት ጊዜ ነበር። ዕርዳታ ግን ባለቤቱ ሲፈልግ የሚቆም የገቢ ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባገደ ጊዜ በአገራችን ብዙ ፕሮጀክቶች በሳምንታት ውስጥ ሲዘጉ አይተናል። ደመወዝን በዕርዳታ ላይ የመሠረተ ክፍል በማግስቱ መምህር አይኖረውም።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ለጋሽ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የካፒታል ዕቃ ነው፤ የጎደለው ግን ሥራ ማስኬጃ ነው። ማሽኑ ይመጣል፤ ወረቀቱ ይጠፋል። መስሚያው ይታደላል፤ ባትሪው ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ነጋዴ መኪና ገዝቶ ነዳጅ ባይመድብ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቃል።

ታች ያለውና ላይ ያለው

ትምህርት ቤቶች የውስጥ ገቢ ያመንጩ የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። የአዳራሽ ኪራይ፣ የመዝናኛ ክበብ፣ የሣርና የባሕር ዛፍ ሽያጭ በየትምህርት ቤቱ የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን የየካን መልክዓ ምድር ያየ ሰው የዚህን መፍትሔ ወሰን ይረዳል።

ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት፣ በኮተቤ አድርጎ እስከ ካራ የሚዘልቀው መንገድ ሱቅ ከሱቅ የተያያዘበት ነው። በዚህ መስመር ግቢው ከመንገድ የሚዋሰን ትምህርት ቤት ተከራይ አያጣም። ወደ እንጦጦ ተዳፋት ሲወጣ ግን የመንገዱ ዳር ንግድ ይመናመናል። እዚያ ያለው ወላጅ ትናንት ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሞ፣ ዛሬ በቀን ሥራና በጉሊት የሚኖር ነው። የተማሪዎች ወላጆች ከሚያዋጡት ገንዘብም ብዙ አይጠበቅም። የውስጥ ገቢ መሠረት ቢሆን ገንዘቡ ታች ይቀራል፤ ልጁ ግን ላይ ነው ያለው።

የሚያስቆጨው ሀብቱ በክፍለ ከተማው ውስጥ አለመጥፋቱ ነው። የቀድሞው ኮተቤ መምህራን ኮሌጅ፣ የዛሬው ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም እዚሁ ነው። በዓይን ሕክምናው የታወቀው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም እዚሁ ነው። ብዙ ልጅ «ትምህርት አይገባውም» ተብሎ ወደ ኋላ የሚቀመጠው ሰሌዳውን ስለማያይ ብቻ ነው። በመስከረም የሚደረግ የዓይንና የጆሮ ምርመራ ከሁሉም የረከሰው የልዩ ፍላጎት ወጪ ነው፤ መነጽር ያገኘ ልጅ ልዩ ክፍል አያስፈልገውም። ሠልጣኝ መምህራንን በተግባር ልምምድ ወደ ተዳፋቱ ትምህርት ቤቶች ማሰማራትም ከቅጥር የሚያንስ ወጪ ነው። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ በጀትና ባለቤት ነው።

ሌሎች እንዴት ከፈሉ?

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሽልንግ መደበች። በዚሁ መርሐ ግብር ልዩ ፍላጎት ላለው ተማሪ 2,000 ሽልንግ ተጨምሮበታል። ይኸውም አንዱ ልጅ ወደ ሦስት ተቆጠረ ማለት ነው። ገንዘቡ በቂ ነው የሚል ኬንያዊ ባይኖርም ርዕሰ መምህሩ ልጁን ሲቀበል ስንት ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ከተጨማሪው ወጪ እስከ 40 በመቶ ይሸፍናል የሚል ተስፋ ሰጥታ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላም ድርሻው ከ15 በመቶ በታች ነው። መብቱ በሕግ ሲጻፍ ገንዘቡ አብሮ ካልተጻፈ ዕዳው ወደ ታች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ እንደሚንከባለል ይህ በሀብታም አገርም የታየ ነው።

እዚያው አሜሪካ ሌላ ትምህርትም አለ። ድጎማው በልዩ ፍላጎት ተማሪ ብዛት ብቻ ሲሰላ አንዳንድ ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማግኘት ሲል ደካማ የሆነውን ልጅ ሁሉ «ልዩ ፍላጎት» ብሎ ይመዘግባል የሚል ሥጋት ተነሳ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ስሌቱን ወደ ጠቅላላ የተማሪ ብዛት የመለሰችው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። ድርሻው እኩል ሲሆን ትምህርት ቤት ልጁን ይሸሻል፤ ድርሻው ሲበልጥ ትምህርት ቤት ልጁን ይፈበርካል። የኛ በሽታ ዛሬ የመጀመሪያው ነው። የሁለተኛው መድኃኒት ደግሞ ልጁን የሚመረምረውና የሚመዘግበው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ባለሙያ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ለነጋዴው ምን አገባው?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥር አገሮች አካል ጉዳተኞች ከሥራ ገበያ በመገለላቸው የሚደርሰው ኪሣራ ከአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ከ3 እስከ 7 በመቶ እንደሚሆን ገምቷል። ይህ የልጁን ምርት ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀውን ሰው የባከነ ጊዜ ጭምር የሚነካ ነው። የሾላዋ እናት የማለዳ ገበያ ከዚህ ኪሣራ ውስጥ አንዲት ጠብታ ናት።

የተቃራኒውን ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወሎ አማራ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ኋላም አዲስ አበባ በመደበኛ ትምህርት ቤት ተምራ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃለች። እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘች የሕግ ባለሙያ ናት። ለዚች ልጅ የወጣው የብሬይል ወረቀት ወጪ ነበር ወይስ ኢንቨስትመንት? በርግጥ ሁሉም ልጅ ጠበቃ አይሆንም። ራሱን ችሎ መልበስ፣ ታክሲ መሳፈርና ሒሳብ መቀበል የተማረ ልጅም ቢሆን እናቱን ለገበያ ነፃ ያወጣታል፤ ይህም ትርፍ ነው።

መርዳት የሚፈልግ ነጋዴ ደግሞ ሕጉን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት ላቀረበው ጥሪ የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ እንዲሆን ፈቅዷል። በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ለሚከፍል ኩባንያ 1,000 ብር ስጦታ ከኪሱ የሚያወጣው 700 ብር ነው ማለት ነው። ነገር ግን በር ላይ ተገኝቶ ለትምህርት ቤት በእጅ የሰጡት ገንዘብ በዚህ መንገድ ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከመስጠት በፊት የሒሳብ ባለሙያን ማማከርና ሕጋዊ ደረሰኝ መያዝ ብልኅነት ነው።

ስጦታውም ምን ላይ እንደሚውል ይታሰብ። አሥር ተሽከርካሪ ወንበር ሰጥቶ ፎቶ ከመነሳት ይልቅ የአንድ ክፍል ሚኒባስ ኮንትራት ለሦስት ዓመት መፈረም የበለጠ ሥራ ይሠራል። ባለሕንፃዎችም የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መፀዳጃ እንዲዘጋጅ እንደሚያዝ ባይዘነጉ መልካም ነው።

ምን ይደረግ?

በጎ አድራጎት ግን የበጀትን ቦታ አይተካም። በኛ እምነት ቁልፉ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በራስ የሚሰላው ድጎማ ክብደት ይሰጠው። 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ 100 ብር ቢያገኝ 100,000 ብር ይደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ በልዩ ክፍል ያሉ ቢሆኑና እያንዳንዳቸው እንደ ሦስት ቢቆጠሩ ድምሩ 106,000 ብር ይሆናል። ጭማሪው 6 በመቶ ብቻ ነው። ለከተማው ይህ ከባድ ሸክም ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የአዲስ አበባ አስተዳደር በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ 350 ቢሊዮን ብር ደርሷል።

ሁለተኛ፣ ረዳት የሚባል የሥራ መደብ ይከፈት። ከተማው ለምገባው ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን አደራጅቶ ወደ ሥራ አስገብቷል። ያው አሠራር ለልዩ ክፍል ረዳቶች ቢውል፣ ዛሬ በግቢው አጥር ሥር ያለክፍያ ከሚጠብቁት እናቶች አንዷ ደመወዝተኛ ትሆናለች፤ ዘጠኙ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ውድ ዕቃና ተዘዋዋሪ ባለሙያ በየትምህርት ቤቱ ሳይሆን በጉድኝት ይያዝ። አንድ የብሬይል ማሽንና አንድ የምልክት ቋንቋ ባለሙያ ለጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጋራ ቢያገለግሉ፣ ነጋዴ በዕቁብ የሚያደርገውን ትምህርት ቤቶች በዕቃ አደረጉት ማለት ነው። ለዚህም በበጀት መጽሐፉ ላይ ለብቻው የሚታይ አንድ መስመር ያስፈልጋል። ቁጥሩ በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ወላጅ ያየውን ቁጥር ይጠይቃል፤ ያላየውን ግን ከኪሱ ይከፍላል።

የሾላዋን እናት የተለያየኋቸው እኩል ቀን ሲደርስ፣ ልጃቸውን ሊወስዱ ሲነሱ ነው። ከፊታቸው የቀረው ቲማቲም ረፋድ ላይ የተገዛው፣ ለስላሳውና ቶሎ የሚበላሸው ዓይነት ነበር። ለጎረቤታቸው አደራ ብለው ታክሲ ወደሚቆምበት ወረዱ። ክረምት ሲገባ ትምህርት ይዘጋል፤ ያኔ ማለዳ መርጠው ይገዛሉ። በመስከረም ግን ልጃቸው ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ሊያስቀሩትም አላሰቡም።